አንዲት ድንጋይ ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ ሶዶ ካለው ቤቴ መጣች። ቤቴልሔም ትባላለች፤ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በድሮው መሥሪያ ቤቴ የተቀጠረች ናት። ሙዝ በፌስታል ይዛ ገብታ፣ ገና ወንበር ሳትይዝ «ጋሼ፣ እርስዎን ለማመስገን ነው የመጣሁት» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምስጋና ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብዙም ስለሌለኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከክላሰሯ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።

የእግድ ማመልከቻ ነው። አንድ ድርጅት የድንጋይ ካባ ከፍቶ ትራፊውን ጅረት ላይ ደፍቷል፤ እሷ መንግሥትን ወክላ ልትከሰው ነው። ወደ መሃል ስደርስ ዓይኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመ። «ፍርድ ቤቱ ቦታውን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ አንዲት ድንጋይ ከቦታዋ እንዳትነቃነቅ ይታዘዝልን» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን አወቅሁት። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ።

«ከእርስዎ መዝገብ ነው የቀዳሁት» አለች ፊቷ በርቶ። «ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ይቺን እያየን ነው የምንጽፈው። የረቱበት መዝገብ አይደል!»

እውነት ነው፣ ረትቼበታለሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሙዝ መላጥ ጀመርኩ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ እንደሚያሳብቅብኝ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ አርባዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ የጸሐፊ ልጅ ነኝ፤ አያቶቼ ከሰሜን የመጡ ናቸው። ወላይትኛዬ ገበያ ላይ ለመከራከር ይበቃል፣ ለቅሶ ቤት ግን ያሳፍረኛል። ዘመኑ የመሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ሁሉ «የሥራ ሂደት» በሚል ቻርት የተሞላበት፣ በየጊዜው ግምገማ የምንቀመጥበት ጊዜ ነበር። የእኔ ሥራ ለዘመኑ አዲስ ነው። ሰው የጎረቤቱን እንሰት ቢቆርጥ ባለእንሰቱ ይከሳል። ደን ቢጨፈጨፍ፣ ወንዝ ቢበከል፣ ምንጭ ቢደፈን ግን ማን ይክሰስ? መንግሥት። መንግሥት ማለት ደግሞ እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ እግሩ በተሰበረ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ ነበርኩ። ወንበሩን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም አንድም ክስ ፍርድ ቤት አላደረስኩም። በግምገማው ስሜ ሲጠራ ሰዉ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የሁምቦው ጉዳይ የመጣልኝ። ከወረዳው ዋና ከተማ ከተበላ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ አንድ የመንገድ ተቋራጭ ኮረብታ ላይ ካባ ከፍቶ ድንጋይ ያወጣል። የማይፈልገውን ትራፊ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ታች ደግሞ የመንደሩ ምንጭ አለች። ከመሥሪያ ቤታችን የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ከጴጥሮስ ጋር በአሮጌዋ ፒክ አፕ ወረድን። ጴጥሮስ ጓደኛዬ ነው፣ የአገሩ ልጅ፣ ድንጋይና አፈር የሚያነጋግር ሰው። ከሶዶ ብርድ ወደ ሁምቦ ሙቀት ስንወርድ ኮታችንን አውልቀን መስኮት ከፈትን። የካቲት እያለቀ ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ የመንገድ ዳር ማንጎዎች አቧራ ለብሰዋል፣ ሰው ሁሉ በልጉን እየጠበቀ ወደ ሰማይ ያያል።

ምንጯ ዘንድ የጠበቁን አቶ ሳና የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዙሪያዋን በድንጋይ የካቡት አባታቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጎረምሶችን አሰልፈው ይጠርጓታል። አሁን ካቡ አይታይም። በሬ የሚያህሉ ድንጋዮች ከነአፈራቸው ተጭነውበታል። ከሥር ግን እንደ ጣት የቀጠነች ድፍርስ ውኃ ትወጣለች፤ ሁለት ሴቶች ተንበርክከው በጣሳ እየቀዱ ጀሪካን ይሞላሉ። ሌላው ሴት ሁሉ ቆላ ወርዶ ከወንዝ መቅዳት ጀምሯል፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ነው። ጴጥሮስ ጉንጩ መሬት እስኪነካ ጎንበስ ብሎ አየና ተነሳ።

«አልሞተችም» አለ። «ከላይ የተጫናት ከተነሳላት ትመለሳለች። ግን ዝናቡ ሳይመጣ ነው። ውኃ ከገባበት ይህ ሁሉ አፈር ይወርድና ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ተስፋ የለም።»

እኔም ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት ነገር የለኝም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሳይቀር ጽፌዋለሁ፣ ለክሱ ይጠቅማል ብዬ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጴጥሮስ እየሳቀ ቢሮዬ ገባ። ቅዳሜ ዕለት የመንደሩ ሽማግሌዎች ጉታራ ተቀምጠዋል፤ ጉታራ ወላይታዎች ነገር የሚጨርሱበት ሸንጎ ነው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ በአንድ እየተነሱ የሚናገሩበት። የካባውን ፎርማን አስጠርተው መሬት ላይ ከመሃላቸው አስቀመጡት። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ስልኩን ይነካካ ነበር አሉ። ከጥዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲናገሩበት ዋሉ፤ የሰደበው የለም፣ የጮኸበት የለም። ምንጯን ማን እንደካባት፣ ማን ማን እንደጠጣት፣ ማን በውኃዋ እንደታጠበ ብቻ ነገሩት። መጨረሻ ላይ ተነስቶ «አጥፍቻለሁ» አለ። ሐሙስ ዕለት ኤክስካቫተሩን አምጥቶ የደፋውን ሊያነሳ በሁሉም ፊት ቃል ገባ።

«አለቀ እኮ!» አለኝ ጴጥሮስ።

እኔ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። «ማስረጃዬን ሊያጠፋ ነው!»

«ምን ማስረጃ? ምንጯን ሊከፍት ነው እንጂ።»

«ከከፈተ በኋላ ምን ብዬ ልክሰስ? ዳኛው ሲሄድ ምን ሊያይ ነው? ደግሞ ምን የተጻፈ ነገር አለ? ማን ፈረመ?»

ጴጥሮስ «በጉታራ ፊት የተናገረ ሰው አይፈርምም» ብሎ ወጣ።

አሁን ሳስበው ክስ የሚያስፈልገው ነገር እንዲስተካከል ነበር። እኔ ደግሞ ለክሱ ስል እንዳይስተካከል ፈለግሁ። ሕግ የተማረ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ ስህተት ሊሠራ የሚችለው፤ ያልተማረ ሰው ቢሆን ውኃውን ይመርጣል። በዚያ ላይ ግምገማው ቀርቧል። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ማመልከቻዬን ጻፍኩ፤ «አንዲት ድንጋይ» የምትለዋ ስትመጣልኝ ብቻዬን ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ረቡዕ ፍርድ ቤቱ እግዱን ሰጠኝ።

ሐሙስ ጥዋት ከአንድ ፖሊስ ጋር ስደርስ መንደሩ ሠርግ መስሏል። ኤክስካቫተሩ ምንጯ አጠገብ ቆሞ ሞተሩ ይጓራል። ሕፃናት ዛፍ ላይ ወጥተዋል። ሴቶች ጎዳሬ ቀቅለው፣ ዳታ በርበሬ ደልዘው፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ይጠብቃሉ፤ ውኃዋ ስትወጣ ሊበላ ነው። አቶ ሳና ነጭ ጋቢ ለብሰው ወደ እኔ ሲመጡ ለደስታቸው የመጣሁ መስሏቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጥሩ ቀን መጣህ! ማሽኑ መጣች። ውኃው ዛሬ ትወጣለች።»

ትእዛዙን አወጣሁና ቆሜ አነበብኩ። ፎርማኑ ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን ሲያይ ፊቱ ላይ የመጣው ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ እፎይታ ነበር። ነዳጁ ተረፈለት፣ የሥራ ቀኑ ተረፈለት፣ ቃሉንም ያጠፈው እሱ አይደለም። «ሕግ ነው እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ» አለና ለኦፕሬተሩ በእጁ ምልክት ሰጠ። ማሽኑ ዞሮ ኮረብታውን ወጣ።

አቶ ሳና ማሽኑን በዓይናቸው እስከ ላይ ድረስ ሸኙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወረቀቷ ምን አለ?»

«ዳኛው መጥቶ እስኪያይ ይቆይ ነው የሚለው፣ አባቴ። ከዚያ በሕግ እናስከፍለዋለን። ለእናንተ ብለን ነው።»

«እኛስ በእጃችን ብናነሳው? ልጆች አሉ፣ መዶሻ አለ።»

«እናንተም መንካት አትችሉም» አልኳቸው። «ከነካችሁ ጥፋት ይሆንባችኋል።»

ፖሊሱ ጫማውን ያይ ነበር። አቶ ሳና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የመንግሥት ሰው ያለው ነገር ሆነባቸው፣ አመኑኝ። ከሁሉ የሚከብደኝ ማመናቸው ነው። ቢሰድቡኝ ኖሮ ምናልባት ቆም ብዬ አስብ ነበር። እንዲያውም «እንግዳ ሳይበላ አይሄድም» ብለው እንሰት ቅጠሉን ገለጡልኝና ለምንጯ መከፈቻ የተሠራውን ጎዳሬ እኔና ፖሊሱ በላን። ዳታው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ሕፃናቱ ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበርና በደንብ በላሁ።

ዳኛው ቦታውን የሚያይበት ቀን ተቀጠረ። መኪና ጠፋና ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው ስብሰባ ሄደ። በመሃል አንድ ምሽት ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ተከመረና በልጉ ገባ፤ የሶዶ ሰው «ተመስገን» አለ። ጴጥሮስ በማግስቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ «እግዱ ይነሳ ብለህ ጻፍ፣ ዛሬውኑ» አለኝ። እኔ ግን «ዳኛው አንዴ ይይልን እንጂ፣ ከዚያ ወዲያው አስነሳዋለሁ» አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ቸኩዬ አፈሰስኩት፤ ለመልቀም ግን ዘገየሁ፣ የፈሰሰውም ውኃ ነበር።

ዳኛው ሲያይ ዝናቡ ሳምንታት ዘንቦ ነበር። ትራፊው ወርዶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ሣር ማብቀል ጀምሯል። ጴጥሮስ እንደ በፊቱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ፤ የሚወጣ ውኃ የለም። የጉልበቱን ጭቃ አራግፎ ወደ መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ እግዱን አስነሳሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ተቋራጩም ጥቂት ቆይቶ መንገዱን ጨርሶ ማሽኖቹን ጭኖ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ግምገማው ላይ ግን ተመሰገንኩ። «በአካባቢ ሕግ የመጀመሪያውን ክስ ያቀረበ» ተብሎ ተጨበጨበልኝ፤ ከአጨብጫቢዎቹ መሃል ጴጥሮስን ፈልጌ አጣሁት።

ፍርዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሰጠ። ረታን። ምንጭ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ናትና ካሳው ለመንግሥት ገቢ ይሁን ተባለ፤ እንዲያ እንዲሆን የጠየቅሁትም እኔው ነኝ። አቶ ሳና ከተበላ በጥዋት ሚኒባስ መጥተው፣ ያንኑ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ የችሎቱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስወጣ በረንዳው ላይ አገኙኝ።

«ረታን?»

«ረታን፣ አባቴ!» አልኩና አቀፍኳቸው።

እሳቸውም ደስ ብሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ «እንግዲህ ውኃዋ መቼ ይወጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

ለቤቴልሔም እዚህ ድረስ ነገርኳት። ሙዙን ልጬ ሳልበላው ጠቁሯል። ልጅቷ ምስጋናዋን ይዛ መጥታ ምን ሸክም እንደጫንኩባት እያሰብኩ አዘንኩላት። ወረቀቷን አንስታ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር በጣቷ ተከትላ ደግማ አነበበች።

«የዚያ የጅረቱ ሰዎች ምን አሉሽ?» አልኳት።

«አላነጋገርኳቸውም» አለች ቀስ ብላ። «ማስረጃው እንዳይጠፋ ቸኩዬ…»

ማመልከቻውን አጥፋ ክላሰሯ ውስጥ ከተተች። ነገ ቢሮ ሳትገባ በቀጥታ ወደ መንደሩ እንደምትሄድ ነገረችኝ፤ ባጃጅም ቢሆን ሞተርም ቢሆን ይዛ ትወርዳለች። እስከ በር ሸኘኋት። ጫማዋን እያሰረች ቀና አለችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

«ጋሼ፣ ለአቶ ሳና ግን ምን ብለው መለሱላቸው?»

«‹ተቋራጩ ይግባኝ ካልጠየቀ በሁለት ወር ውስጥ ይፈጸማል› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«አመስግነውኝ ሄዱ» አልኳት። «ለሴቶቹ ሊነግሩ ቸኩለው ነበር።»