ክፍቱን ፊልም የቆለፈው ሰው

«ወለላ» የሚለው ስም የወጣላት በድምጿ ነው። ስልክ አንስታ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ስትል የጦፈ ሰው እንኳ ረገብ ይላል። ፊልም በኢንተርኔት የሚሸጠው ድርጅት የቀጠራትም ለዚሁ ነበር፤ የሚቆጣ ደንበኛ ሞልቶታልና።

ድርጅቱ የሚሸጠው ፊልም ሁሉ እንዳይቀዳ ይቆለፋል። ገዢው ፊልሙን ማየት የሚችለው በገዛበት ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስልኩ ከተሰበረ ወይም ከተሰረቀ ፊልሙም አብሮ ቀረ ማለት ነው። ሰውዬው ይደውላል፤ ወለላም ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቃል በዚያ በሚጣፍጥ ድምጿ ታነባለች፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ለደረሰብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ፊልሙን እንደገና መግዛት ይችላሉ።» አንዳንዱ ይሰድባታል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ጆሮዋ ላይ ይዘጋል። የሚሰድቧት ይሻሏት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዋ ባለው የመስታወት ክፍል ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ያዳምጣል። «አትዘኚላቸው» ይላታል ብቅ ብሎ። «ሰው ማለት አጋጣሚ ያላገኘ ሌባ ነው። ብትከፍቺለት ነገ ለመንደሩ ሁሉ ያድለዋል።»

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አናጢ ደወሉ።

«ልጄ፣ ስልኬ ውኃ ገብቶበት ሌላ ገዛሁ። ፊልሙ አልከፈት አለኝ።»

«የትኛው ፊልም ነው አባባ?»

ነገሯት። የአክስቷ ልጅ የሠራው የመጀመሪያ ፊልም ነው።

«ባለቤቴ አለችበት» አሉ። «ዋና ተዋናይ አይደለችም። ልብስ ሰፊ ሆና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትታያለች። ካረፈች ወዲህ ሲከፋኝ እሷን አያለሁ።»

ወለላ ግድግዳውን ማንበብ አቃታት። «አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባችና ነገሩን አስረዳች። ሥራ አስኪያጁ ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ ጫፉን መረመረ።

«እንደገና ይግዛ።»

«አንዴ ገዝተዋል እኮ።»

«የገዛ ሚስቱ አይደለች? ሁለቴ ቢገዛት ምን አለበት?» አለና በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። ስንጥሩን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው።

ወለላ ወደ ወንበሯ ተመልሳ የሽማግሌውን አድራሻ ጠየቀች፣ በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈችው፣ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ማንም «ወዴት ነሽ?» አላላትም።

የሄደችው ወደ አክስቷ ልጅ ነው። ከእናቱ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ መጋረጃ ዘግቶ ሁለተኛ ፊልሙን ሲቆራርጥ አገኘችው። የመጀመሪያውን ፊልሙን እንዲሸጥለት ከድርጅቱ ጋር የነበረው ውል ገና ማለቁ ነበር።

«ራሳችን እንሽጠው» አለችው። «ያለ ቁልፍ። የገዛ ሰው እንደ ልቡ ያድርገው።»

«ጤና የለሽም? በሳምንቱ አገር ምድሩ ይቀባበለዋል!»

«ይቀባበለው። ቢያንስ ለገዙት ሰዎች ነጋ ጠባ ይቅርታ አልጠይቅም።»

ተነታረኩ። በኋላ ግን ሌላ ገበያ ስላልነበረው እሺ አላት። ቀለል ያለ የኢንተርኔት ገጽ ከፈቱ። የመጀመሪያውን ቅጂ ወለላ በፍላሽ ይዛ አናጢው ቤት ወሰደችው። ሽማግሌው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው ያቺን ቦታ ሲያገኙ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«አየሽ፣ እዚህ ጋ መርፌው እውነት ወግቷታል። ትወና እንዳይመስልሽ። ጣቷን ወደ አፏ ስትወስድ አየሽልኝ?»

ወደ ኋላ መልሰው እንደገና አዩት። ወለላም አብራቸው አየች።

ፊልሙ መቀዳቱ አልቀረም። የገዛ ወንድሟ «እኔ አንዱን ገዛሁ፣ መሥሪያ ቤታችን በሙሉ አየው!» ብሎ ውለታ የዋለላት ይመስል ሲነግራት፣ ልትቆጣው ብላ ሳቋ መጣ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ሦስት ሴቶች ግን «እናቴም ትየው» ብለው ገዙ። ገቢው ባይትረፈረፍም ሁለተኛውን ፊልም ማውጣት አላቃታቸውም።

ሁለተኛው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ደወለች።

«ፊልማችሁ አልከፈት አለኝ! ስልክ ስለቀየርኩ ነው እንዴ?»

«የኛ ፊልም ቁልፍ የለውም እህቴ።»

«ኧረ ተቆልፏል ነው የሚለኝ!»

ሴትዮዋ የስልኳን ስክሪን ፎቶ አንስታ ላከችላት። ከፊልሙ ርዕስ በላይ የቀድሞ ድርጅቷ ምልክት ጉብ ብሏል። ከሥሩ ደግሞ በቀይ፦ «ይህን ፊልም መቅዳት በሕግ ያስቀጣል» ይላል።

ወለላ ስልኩን ከዓይኗ አርቃ ያዘችው። የበሰበሰ ነገር የነካች ያህል ነበር። ሰውን ሁሉ ሌባ ሲል የኖረው ሰው፣ የሰው ፊልም ወስዶ፣ ቆልፎ፣ «እንዳትሰርቁ» ብሎ ጽፎበት ይሸጣል።

በማግስቱ መስታወቱ ክፍል ድረስ ሄደች።

«ወለላዬ! ናፍቀሽን መጣሽ?»

«ፊልሙን ከየት አመጣኸው?» ድርጅቱ ውስጥ ስትሠራ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሰው፣ «አንተ» ማለቷን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ገዛሁት። እንደ ማንኛውም ሰው ከናንተው ገጽ ላይ።»

«የገዛኸው ልታየው ነው። ቆልፈህ ልትሸጠው አይደለም።»

«ክፍት አገኘሁት፣ ዘጋሁት። ምን አጠፋሁ? በሩን ከፍቶ የተኛ ሰው ሌባ ገባ ብሎ አይጮህም።»

«ሌባ መግባቱንማ አንተው አመንክ።»

ፊቱ ለአፍታ እንኳ አልተለወጠም። ከት ብሎ ሳቀና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። «ተይ፣ ባዳ አንሁን። ተመለሺና ሥራሽን ያዢ፤ ድምፅሽን የሚተካ አላገኘንም።»

እጁን በሁለት ጣቷ፣ የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደሚያነሣ ሰው፣ ከትከሻዋ ላይ አንሥታ ለቀቀችው። ስትወጣ በቀድሞ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ «ለደረሰብዎ መጉላላት» እያለች ነበር።

የአክስቷ ልጅ ክስ መሠረተ። ቀጠሮው ሳይደርስ ፊልሙ ከድርጅቱ ገጽ ላይ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ «የባለሙያ ስህተት ነው» ብሎ፣ ራሱ ያዘዘውን ቴክኒሽያን አባረረና ነገሩን በዚያው ዘጋው። ወለላ ይህን አክስቷ ቤት ምሳ ላይ ስትሰማ ከስርቆቱ ይልቅ ይኼኛው አንገሸገሻት። የቀረበላትን ምግብ ገፋ አድርጋ ተነሣች።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም» አሉ አክስቷ። «ለካ ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረው ራሱን እያየ ነው።»

«እሱን ተዪው እማዬ!» አለ ልጃቸው። «ሦስተኛውን እንቆልፋለን። በቃኝ!»

«ቁልፉን የሚሠራው ራሱ ሌባው ነው፤ ማንን ልትይዝበት ነው?» አለችው ወለላ። «ስልክ የሚቀይሩትን ሽማግሌ? የኔን ወንድም?»

ሦስተኛው ፊልምም ያለ ቁልፍ ወጣ፤ የአክስቷ ልጅ ግን ዛሬም ድረስ እያጉረመረመ ነው።

ወለላ አሁንም ፊልም ትሸጣለች፤ ስልክ ታነሣለች። የሚገዙ አሉ፣ የሚቀዱም አሉ፣ ቀድተው ቆይተው የሚከፍሉም አልታጡም። ያንን ሁለተኛውን ፊልም ግን እስካሁን ቁጭ ብላ ማየት አልቻለችም። ገና ሲጀምር የዚያ ሰው ምልክት ጥግ ላይ ያለ ይመስላታል። እንደሌለ እያወቀች ታጠፋዋለች።