ዲሪርሳ ብቻውን የሠራው በር

ዲሪርሳ ሰበታ ውስጥ፣ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሃያ አንድ ዓመት በርና መስኮት ሠርቷል። ብቻውን ግን አልነበረም። እሱ ባንድሶው መጋዝ ላይ ይቆማል፤ የሥራ ባልደረባው አብዶ ደግሞ መሮና መዶሻውን ይዞ ከጠረጴዛው ጋር ይውላል። የእንጨቱን ጫፍ ግራና ቀኝ በመጋዙ ቀንሶ ምላስ የሚያወጣለት ዲሪርሳ ነው፤ ምላሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚፈለፍለው አብዶ። ሲገጣጠም ክር አያስገባም። ደንበኛ መጥቶ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ፈልጎ ሲያጣው፣ አብዶ በአገጩ ወደ ባንድሶው ያመለክትና «የሱ እጅ ነው» ይላል። ዲሪርሳ ያን ቀን ሙሉ ፊቱ ፈክቶ ይውላል።

ባለፈው ጥቅምት የአብዶ ጉልበት እምቢ አለ። ልጁ ኡሙልኸይር ከድሬዳዋ መጥታ ወሰደችው። ዲሪርሳ፣ ሚስቱ ድንቅቱ ከሞተች ወዲህ ቤት ገብቶ የሚያወራው ሰው ስለሌለው፣ ወሬውን ሁሉ የሚጨርሰው ከአብዶ ጋር ነበር። አሁን የሚሰማው የማሽኑን ጩኸት ብቻ ሆነ። ማሽኑ ሲቆም ደግሞ የሚኒባስ ረዳቶች «ዓለም ገና! ዓለም ገና!» ሲሉ ይሰማል። ምሳውን ቆሞ መብላት ጀመረ።

ኅዳር ላይ ኦቦ ሊቤ የሚባሉ የተፍኪ ገበሬ ለአዲሱ ቤታቸው የዋንዛ በርና መስኮቶች አዘዙ። ዲሪርሳ በበሩ ጀመረ። ቀዳዳዎቹን ጊዜ ወስዶ ሁሉንም በአንድ ልክ ፈለፈላቸው። ምላሶቹን እንደ ወትሮው በእርሳስ አስምሮ፣ መስመሩን በዓይኑ እየተከተለ በባንድሶው ቆረጠ። ሊገጥማቸው ሲል የመጀመሪያው አልገባም አለ። ሁለተኛው ገብቶ ተወዛወዘ።

መጀመሪያ የጠረጠረው ቀዳዳዎቹን ነው። ለካቸው፤ ልክ ናቸው። ምላሶቹን ለካ። አንዱ አሥራ አራት ሚሊ፣ አንዱ አሥራ ሁለት፣ አንዱ ከሥሩ ወፍሮ ከጫፉ የቀጠነ። ያኔ አብዶ በየምላሱና በየቀዳዳው ጎን በእርሳስ ይጽፋቸው የነበሩት ቁጥሮች ትዝ አሉት። እንዳይደባለቁበት ብቻ የሚጽፋቸው ይመስለው ነበር።

የእንጨት ክምሩ ላይ ቁጭ ብሎ ደወለ።

«አካም ጅርታ፣ አብዶ?»

«አለሁ፤ ሙቀቱ ገደለኝ እንጂ። ሥራ እንዴት ነው?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ የምቆርጣቸው ምላሶች ልክ ነበሩ?»

«አሁን ይኼ ምን ያደርግልሃል?»

«ንገረኝ።»

«የመጋዙ ምላጭ ወደ ግራ ይስብሃል፤ አንተም ትቸኩላለህ። አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል። እኔ ለእያንዳንዱ በልኩ ቀዳዳ አበጅለት ነበር።»

«ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ? አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ ምናለበት?»

«ሰው ሲያመሰግንህ ደስ ይልሃላ» አለ አብዶ። «ለእኔ ደግሞ ቀላል ነበር።»

ዲሪርሳ ስልኩን ዘጋ። ተናደደ፤ በማን እንደተናደደ ግን አላወቀም። ያን ቀን ሥራ አልሠራም።

በማግስቱ አዲስ ምላጭ ገዝቶ ገጠመ። አራት ቀን ሙሉ የባህር ዛፍ ቁርጥራጭ ላይ ሲሞክር ሰነበተ። በዓይን መስመር መከተሉን ተወ፤ በምትኩ እንጨቱ ተደግፎት የሚሄድ ቀጥ ያለ ጣውላ መጋዙ ጠረጴዛ ላይ አሰረ። በእንጨቱና በድጋፉ መሀል አንዲት ቀጭን የእንጨት ቁራጭ ሸጉጦ አንዱን ጎን ይቆርጣል፤ እሷን አውጥቶ ደግሞ ሌላውን። የምላሱ ውፍረት የሚወሰነው በእሷ ስለሆነ፣ ምላሱ በወፈረ ቁጥር እሷን በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ፈግፍጎ እንደገና ይሞክራል። እንጨቱን ሲገፋ ትንፋሹን ይይዛል።

በአምስተኛው ቀን ወደ ዋንዛው ተመለሰ። የመጀመሪያው ምላስ በመዳፍ ግፊት ብቻ ገባ፤ ገልብጦ ሲይዘው አልወደቀም። አውጥቶ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሞከረው፤ እዚያም ገባ። ዲሪርሳ ጮክ ብሎ ሳቀ። ባዶው ሱቅ ውስጥ የገዛ ሳቁ እንግዳ ሆነበት።

ቅዳሜ ኦቦ ሊቤ በአይሱዙ መጡ። መጋጠሚያውን በጥፍራቸው ፈልገው አጡት።

«ልክ ለወንድሜ እንደሠራህለት በር ነው፤ ያው የድሮው እጅህ» አሉ።

ዲሪርሳ በሩን አንስቶ መኪናው ላይ ጫነላቸው። «ገላቶማ፣ ኦቦ ሊቤ» ብሎ አመሰገናቸው።

መኪናው እንደሄደ ድሬዳዋ ደወለ። ያነሳችው ኡሙልኸይር ናት።

«አባዬ ተኝቷል፣ ጋሼ። ምን ልበለው?»

«ያለ ቁጥር ገጠመ በይልኝ።»

«ምኑ?»

«እሱ ያውቀዋል።»

አብዶ በሦስተኛው ቀን መልሶ ደወለ። ስለ ጉልበቱና ስለ ሙቀቱ ብዙ አወራ፤ በሩን አላነሳም። መልእክቱ ደርሶት ይሁን አይሁን ዲሪርሳ አልጠየቀም። የኦቦ ሊቤን መስኮቶች ታኅሣሥ ላይ አስረከበ፤ አሁን ቡራዩ ለሚሠራ ቤት ስምንት በር ይዟል። ሰው ቅጠር የሚሉት አሉ። እሱ ግን እስካሁን ማንንም አላናገረም፤ ጠዋት ከፍቶ ይገባል፣ ሲመሽ ዘግቶ ይሄዳል።