ቅዳሜ ዳንግላ ትሄዳለች

«ለጥያቄ ነው፤ አሁን ትመለሳለህ» አሉኝ ሱቄ ድረስ የመጡት ወታደሮች። በንግድ ዘመኔ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎኝ የተመለሰ ደንበኛ አይቼ ስለማላውቅ ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ።

የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። በቅርቡ ከእንጅባራ የጫንኩት ድንች የት ደረሰ? «ጫግኒ» አልኩ። «ከጫግኒ ወዲያስ?» «ከዚያ ወዲያማ ድስት ውስጥ ይመስለኛል» አልኩ። ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር።

ያስገቡኝ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የዩሪያው ሽታ ዓይኔን አቃጠለው። የለመደብኝ ነውና መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውንና ወለሉን ነበር። መስኮት የለውም፤ ወለሉ እርጥበት ይስባል፤ ቆርቆሮው በሁለት በኩል ያፈሳል። ድንች ቢሆን አላስቀምጥበትም። ሰው ግን ባዶ ኬሻ አንጥፎ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። የዘንገና አካባቢ ገበሬ ናቸው።

«ምን አድርገህ መጣህ?»

«ድንች ሸጬ። እርስዎስ፣ አባ?»

«በፈረሴ ሳልፍ ነው የያዙኝ። ፈረሱን ለቀቁት።»

ስንቅ የሚገባው ሐሙስና እሑድ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት ገመድ ተወጥሯል። እኛ ከአንዱ ወዲህ፣ ጠያቂ ከሌላው ወዲያ፤ መሃሉ ላይ ጠባቂ ይመላለሳል። ለአንድ እስረኛ አንድ ጠያቂ ነው። ምግቡን ያመጣው ሰው እፊታቸው ቀምሶ ያስረክባል። ከዚያ ማውራት ይቻላል፤ ማውራት ከተባለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጮህ የሚሰማ የለም። ክረምት ነውና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ የራስህም ድምፅ ይጠፋብሃል። በዚያ ላይ ጠባቂው እንዲገባው በአማርኛ ብቻ ነው የሚወራው። አገውኛ ክልክል ነው።

ለእኔ ስንቅ የምታመጣው የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ነበረች። እናቷ ሱቁን ትታ መምጣት አትችልም። ይህች ልጅ ሰው ስታስመስል ያደገች ናት። ደንበኛ ከሱቅ ወጥቶ ሳይርቅ አረማመዱን ትሄድልሃለች፤ ያኮረፈ ከሆነ ኩርፊያውን ጭምር። እኔ እስቅና ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከገመዱ ወዲያ ሆና ትጮሃለች፤ እኔም «እ? እ?» እላለሁ። አንድ ቀን ሲታክታት ድምፅዋን ተወችው። በእጇ ሚዛን አንጠለጠለች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በዓይኗ ጫፍ እያየች፣ ከማይታይ ገዢ ጋር ተከራከረች። ሚስቴ ናት። ሱቁ ክፍት ነው፤ እሷም ደህና ናት። ከዚያ ወዲህ ወሬ የማገኘው እንደዚያ ነበር።

ያን እሑድ ዝናቡ ብሶ ነበር። የሽማግሌው ባለቤት መጥተዋል። እሳቸው ከአገውኛ ሌላ አይናገሩም፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ሁልጊዜ ገመድ ለገመድ ቆመው ይተያያሉ፤ ሰዓት ሲያልቅ ይለያያሉ። በዚያ ቀን ግን ሴትዮዋ የልጄን ነጠላ ጎተት አደረጉና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። ልጄ አገውኛን ከገበያ ለምዳዋለች።

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ሆዷ የከበዳት ባዝራ ሆነች፤ አንድ ቦታ አልቆም እያለች፣ ጎኗን ዞር ብላ እያየች፣ መሬቱን በእግሯ እየቆፈረች። ከዚያ ጭቃው ላይ ዝቅ አለች። ስትነሳ ሌላ ነበረች፤ እግሩ የሚብረከረክ ውርንጭላ። ተነሳ፤ ወደቀ፤ እንደገና ተነሳና በአፍንጫው ጡት ፈለገ።

«ወለደች!» አሉ ሽማግሌው። «ባዝራዬ ወለደች!» ገመዱን በሁለት እጃቸው ያዙት። «መልኩስ? መልኩ ምን ይመስላል?»

ልጄ የነጭ ነጠላዋን ጫፍ ግንባሯ ላይ ለጠፈች።

«ቦቃ ነው» አሉ። ዝናቡ ፊታቸውን አረጠበው ልበል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ትንሽ ጨፈረች፤ እጅ ነሳች። ወዲያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ሰው የሚመርጥ ሰው ሆነች። «ዳንግላ» እና «ቅዳሜ» የሚሉትን ከከንፈሯ አነበብኩ። ቀጥላ ጢሙን የሚያሻሽ፣ ዱላውን ወደ ሰማይ የሚያነሳ ሰው ሆነች። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ ከገባሁ ወዲህ የቤቴ አዛዥ። በመጨረሻ በመዳፏ ፊቷን አራገበች። ቆላ ማለት ነው። ቆላ ያለችን ጫግኒ ሱቅ ያላት እህቴ ብቻ ናት፤ እሷ ጋ ሱቅ ልትጠብቅ ነው።

ነገሩ ገባኝ። ዳንግላ ላይ ለቲያትርና ለባህል ጭፈራ ልጆች ይመረጣሉ፤ ወንድሜ ከልክሏታል። እናቷ ደግሞ ለታላቅ ሰው መልስ መስጠት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። የቀረው የእኔ ቃል ነው። ልጄ ማስመሰሉን ትታ ቆማ ጠበቀችኝ። አፌን ስከፍት ፊሽካው ተነፋ።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌው ጠጋ አሉኝ። «ያች ልጅ የማን ናት?»

«የእኔ ናት።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ከድንች ይወጣል?»

ጉዳዩን ነገርኳቸው። ወንድሜ ሁልጊዜ «በዘራችን አዝማሪ የለም» እንደሚል ጨምሬ።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ እስረኛ ነኝ፣ አባ።»

«እሱን አየሁት» አሉ። «ስማ። ላም በኋላ እግሯ ትነሳለች፤ ፈረስ በፊት እግሩ። ልጅህ በፊት እግሯ ነው የተነሳችው። ማን አሳያት?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ላካት።»

መፍቀዱማ ቀላል ነው፤ ቃሉን በማን ልላክ? ማለዳ ውኃ ሊያስቀዳን የመጣውን ወጣት ጠባቂ ለመንኩት። «አንድ ቃል ብቻ ለቤቴ አድርስልኝ።»

«ፋዘር፣ እኔ ራሴ የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ። ኔትወርክ የለም።» አልዋሸም። እሱም ከእኛ ጋር ታስሮ ነበር፤ ልዩነታችን ጠመንጃው ብቻ ነው።

ስለ ቲያትር የማውቀው ነገር የለኝም። ያበላል፣ አያበላም፣ ከየት ልወቅ? ነገር ግን ገዢ በራሱ እግር ሠፈርህ ድረስ ሲመጣ ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ። ልጄ ዕቃ ባትሆንም ይህ ይገባኛል። ሌላው ሰው የልጁን ነገር ሲወስን እኔ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ እቆጥር ነበር።

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ራሱ መጣ፤ ልጄ ከኋላው አለች። ጠባቂው «ሁለት አይቻልም» ሲለው «ልጅ ናት፣ አትቆጠርም» ብሎ አሳለፋት።

ወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። ድምፁ ቅዳሴ የለመደ ስለሆነ ገመዱን ተሻግሮ ይሰማል። «ስለ ቤት አታስብ! ልጅቷም እሑድ ጫግኒ ትወርዳለች!»

«አይሆንም! ዳንግላ ትሂድ!» አልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ደገምኩለት።

«እሺ፣ ጋቢ እልክልሃለሁ!» አለኝ። ወንድሜን አውቀዋለሁ። መስማት ያልፈለገው ነገር ሲመጣ ጆሮው ይከዳዋል።

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። ፊሽካው ሊነፋ ነው። የለበስኩትን ጋቢ አወለቅሁና ለሽማግሌው አስያዝኩ። እኔ በሠርጌ ቀን እንኳ ከወንበሬ ያልተነሳሁ ሰው ነኝ። ወገቤን ያዝኩና እስክስታ ወረድኩ። ጭቃው ውስጥ፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ አጨብጫቢ፣ ሃምሳ ዓመት ባለፈው ትከሻ። መጀመሪያ ከጎኔ ያሉት ዝም አሉ፤ ከዚያ ማዶ ያሉት። ጠባቂው መሃል ላይ ቆመ። ግቢው በሙሉ ጸጥ ሲል የራሴ ትንፋሽ ተሰማኝ። የፈለግሁትም ይኸንኑ ጸጥታ ነበር።

«ልጄ ቅዳሜ ዳንግላ ትሄዳለች» አልኩ፤ ሳልጮህ። «አባቷ ፈቅዷል። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ሰምቻለሁ!» አሉ ሽማግሌው። «ምስክር ነኝ!»

«እኔም!» አለ ሌላው። ከወዲያኛው ገመድ ሴቶች ሳይቀሩ «ሰምተናል» አሉ።

በሰው ፊት የተነገረ ቃል እኛ አገር አይታጠፍም። ወንድሜም ሽማግሌ ሆኖ ሲቀመጥ ስንቱ ላይ በዚሁ ፈርዷል። ወዲያና ወዲህ አየ። ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ። «ሰምቻለሁ» አለ።

የጠባቂዎቹ አለቃ አስጠራኝ። «ያ ምልክት ምንድን ነው?»

«ጭፈራ ነው።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

ከዚያ የሆነው ነገር ትከሻዬን ከጭፈራ አሳረፈው። ጠያቂም ተከለከልኩ። ቅዳሜ መጣ፤ አለፈ። ልጄ ዳንግላ ትድረስ፣ ከቤት ትቅር፣ የሚነግረኝ የለም። ሽማግሌው ብቻ አልፎ አልፎ «ደርሳለች» ይሉኛል፤ ያዩ ይመስል።

ክልከላው ሲነሳ የመጣው ወንድሜ ነበር። ቃሉን ጠብቋል፤ ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ራሱ ይዟት ወጥቷል። መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር። መንገዱን የዘጉትን ወታደሮች ለመናቸው፤ እሱ ለሰው የማይለምን። «ልጅቷ ፈተና አለባት» ብሏቸዋል። «የምን ፈተና?» ሲሉት «የጭፈራ» አለ፤ በዚያ በቅዳሴ አፉ። አላሳለፏቸውም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ መንገድ ዳር ተቀምጠው ተመለሱ። መልማዮቹም ሄዱ።

እኔን ለምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደለቀቁኝም ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ልጄ አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። ጫግኒም አልወረደችም። አንድ ቦታ ምልመላ አለ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው መንገዱን ነው። እስካሁን ወይ መንገዱ ሲከፈት ምልመላ የለም፤ ወይ ምልመላው ሲመጣ መንገዱ ዝግ ነው። «ሌላ ይመጣል፣ አንቺ ብቻ አትተይው» እላታለሁ። «መቼ፣ አባባ?» ትለኛለች። ፈቃዱ የእኔ ስለነበር ሰጠሁ። መንገዱ የእኔ አይደለም።

ጎረቤት ሲሰበሰብ አጎቷ ወታደሮቹን ሲለምን አስመስላ ትሠራለች፤ ወንድሜ ራሱ እስኪያነባ ይስቃል። «እስቲ አባትሽን ሲጨፍር» ሲሏት ግን እምቢ ትላለች። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ሆነን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አላየሁትም» አለችኝ።

«ፊት ለፊቴ ቆመሽ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ያበድክ መስሎኝ። ድምፅህን ስሰማ ነው የገለጥኩት።»

በሩን ገርበብ አደረግሁና ወገቤን ያዝኩ። ግራ ትከሻዬ ከዚያ ወዲህ እንደ ልቡ አይነሳም፤ እስከቻለው ድረስ አነሳሁት። አልሳቀችም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ የሚነሳውንም የማይነሳውንም ትከሻ በዓይኗ ትከተል ነበር፤ ሰው ልትሠራ ስትል እንደምታደርገው።