ገረመው የተናገረበት ገጽ

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ የልጅ ልጄ ቤዛ ከምሳ በኋላ አጠገቤ ቁጭ ብላ ከስልኳ ታነብልኛለች። እኔ ፊደል መለየቱን እለያለሁ፤ ወፍራም መጽሐፍ ጀምሬ የጨረስኩበት ቀን ግን የለም፤ አሁን ደግሞ ዓይኔም ደክሟል። ቤዛ የዱሮ ልብ ወለዶችን እየወሰደች እንደ አዲስ ትጽፋለች። ሰዎቹን ከነፍቅራቸው ታነሳና አዲስ አበባ ወስዳ ፎቅ ላይ ታሰፍራቸዋለች። በቅሎ የነበረው መኪና ይሆናል፤ መልእክተኛ የነበረው ስልክ ይሆናል። ከላዩ ላይ ደግሞ «ጨዋ ፍቅር፣ ቤተሰብ ፊት የሚነበብ» ብላ ትጽፍበታለች። ብዙ አንባቢ አላት አሉ። ይሁን፤ እኔ ምን አገባኝ።

ትናንት ያነበበችልኝን ግን አውቀዋለሁ። ገና «ገረመው» የሚል ስም ስትጠራ ጆሮዬ ቆመ። ገረመው በመጽሐፉ አጋሰስ ነጂ ነበር፤ ቤዛ የኮምፒውተር ባለሙያ አድርጋዋለች። የሚወዳትን ውብዓለምን ደግሞ ኬክ ቤት አስከፍታታለች። ይኼንንም ቻልኩት። ታሪኩ እየሄደ፣ እየሄደ፣ ሽማግሌ ወደመላኩ ሲደርስ ግን አላስቻለኝም።

«ወንዙ ዳርስ?» አልኳት።

«የቱ ወንዝ አባባ?»

«ውብዓለም ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ገረመው አግኝቷት የሚናገርበት ነዋ!»

«እሱን አወጣሁት። መጨረሻው ላይ ይሳሳማሉ። ጨዋ ነው ብዬ ጽፌ...»

«ንግግሩንም ጭምር?»

«አንድ ላይ ነው ያለው፤ ምን ላድርግ?»

ባለቤቴ አስካለ ከጓዳ «ደሞ ምን ሆንክ?» አለች። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ።

«ያንኑ ገጽ ዳግመኛ ቀደዱብኝ!» አልኩ።

ጎረምሳ ሳለሁ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ እትዬ ዘነቡ ግቢ ባና እረግጥ ነበር። እትዬ ዘነቡ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ባናና በርኖስ እያሠሩ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ የብርድ ልብስ ነው፤ ከሸማኔው እጅ ሲወርድ ግን ገና ነፋስ ያሳልፋል። ስለዚህ መሬት ላይ ይነጠፍና ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት ሁለት ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጡታል፤ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተናክሶ እስኪጠብቅ ድረስ። ከላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፣ ከታች እግር ይቀቀላል። የእርጥብ በግ ሽታ ልብሳችን ውስጥ ስለገባ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስንቆም ሰው ዞር ብሎ ያየን ነበር። እኔና ጓደኛዬ ደጀኔ እንረግጣለን፤ ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ጠጉር ይፈትላሉ፤ ውሃውን የምታፈሰው ደግሞ ይርገዱ ነበረች።

ይርገዱ የእትዬ ዘነቡ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ አክስቷን ልታግዝ ከአንኮበር የመጣች። መልኳን ዘርዝር አትበሉኝ፤ እኔ የማስታውሳት ውሃ ስታፈስ ነው። የጋለውን ማሰሮ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ጎንበስ ትልና «አይበዛም?» ትለኛለች። «ደህና ነው» እላለሁ። የእግሬ ቆዳ ተልጧል፤ «ደህና ነው።» በማግስቱም ትጠይቀኛለች፤ «ደህና ነው።» ያን ሁሉ ጊዜ ከእኔ አፍ የሰማችው ይኼንኑ ነው።

ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ አስተማሪ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወንበሩን ደጅ ያወጣና የገረመውንና የውብዓለምን መጽሐፍ ያነብልናል። የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዞራል፤ እኛ እየቆረጠምን እንረግጣለን። ታሪክ ሲኖር እግር በራሱ ይሄዳል። ታዲያ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ታሪኩም ሞቀ፤ ገረመው የውብዓለምን እጅ ያዘ። እትዬ ዘነቡ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«አስተማሪ! ጾም እየገባ ነው።»

«መጽሐፉ ነው እኮ እትዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

«መጽሐፉም ይጹም! የሰው ልጆች በአደራ ይዤ ተቀምጫለሁ። በእኔ ግቢ ማንም የማንንም እጅ አይዝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአስተማሪው ዓይን ገጹ ላይ ሆኖ አፉ ሌላ ያነብ ጀመር። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ገጽ በገጽ ላይ ይገለብጣል፣ ከዚያ «በማግስቱ...» ይላል። ደጀኔ በክርኑ እየጎሸመኝ «ኧረ ሌሊቱን የት አደሩ?» ይለኛል። ሴቶቹ እንዳይሰለቻቸው ደግሞ ታሪኩን ወደ ሰፈራችን አመጣው። ገረመው የአንኮበር መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ፤ ውብዓለም የጫጫ ልጅ ሆነች። አንዷ ፈታይ «የጫጫ ልጅ ከሆነችማ አባቷን ሳላውቃቸው አልቀርም፤ ግትር ናቸው፣ እሺ አይሉም» ብላ ስታዝን ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

እንግዲህ በአስተማሪው ንባብ ገረመው ውብዓለምን ቀና ብሎም አያያትም። ጨዋ ነዋ! ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጅ ይቆማሉ፤ አባትየው «ከዘመድ ልምከር» ብለው ይመልሷቸዋል፤ ደግመው ይሄዳሉ፣ ደግመው ይመለሳሉ። ገረመው ዝም። ውብዓለምም ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ አባትየው «ግቡ» አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አንድ ቀን ብቻ ይርገዱ ማሰሮዋን እንደያዘች ቆማ «ይሄ ገረመው አፍ የለውም እንዴ?» አለች። ወደ አስተማሪው አልነበረም የምታየው።

እትዬ ዘነቡ ቀደሙኝ። «ዝምታው ጨዋነቱ ነው» አሉ።

እኔም ልቤ ሞላ። እንግዲያው እኔን የመሰለ ጨዋ የለም አልኩ። ለፋሲካ ማግስት ሽማግሌ እንዲሆነኝ አጎቴን ለምኜ ጨርሻለሁ፤ ለይርገዱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ገረመው መቼ ተነፈሰ?

ሆሳዕና ሲቃረብ ወንድሟ ከአንኮበር መጥቶ ይዟት ሄደ። ለበዓሉ ነው ተባለ። ስትሄድ በሩ ላይ ዘወር ብላ አየችኝ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ቆይቶ ደጀኔ ከገበያ ወሬ ይዞ መጣ፤ አሊዩ አምባ እየወረደ የሚነግድ የአገሯ ሰው ሽማግሌ ልኮባታል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ሰርግ ነው።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አለኝ ደጀኔ። «እግርህ ለባና ብቻ ነው የተፈጠረው?»

እግሬ እንደረጠበ አስተማሪው ክፍል ገባሁ። «ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቢቀድመው ገረመው ምን ያደርግ ነበር?»

«ማንም አይቀድመውም እኮ» አለኝ። «አስቀድሞ ይነግራታል። ወንዝ ዳር።»

«የቱ ወንዝ?»

ፊቱ ቀላ። «ያለፍኩት» አለ። መጽሐፉን አወጣና ያን ገጽ አነበበልኝ። ገረመው ውብዓለምን «አባትሽን ከማስጠየቄ በፊት አንቺን ልጠይቅ መጣሁ፤ እሳቸው እሺ ብለው አንቺ እምቢ ካልሽ ምን ያደርግልኛል?» ይላታል። እሷም «እኔ እሺ ብያለሁ፤ አሁን ሌላ ቢመጣ እምቢ የምልበት ምክንያት አገኘሁ» ትለዋለች። ከዚያ ይሳሳማሉ። መሳሙ አንዲት መስመር ናት። አንዲት! ለአንዲት መስመር ብሎ ሙሉውን ገጽ! እንዝርት ጠፋ ብሎ ቤት የሚያፈርስ ሰው አይታችኋል?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ አንኮበር መንገድ ገባሁ። በልጉ ዘንቦ ጭቃው ጫማ ይጎትታል። ገደሉ አፋፍ ስደርስ ቆላው በሙሉ ጉም ለብሷል፤ የደጋው ተክል ጅብራ በጉሙ ውስጥ ሰው መስሎ ይቆማል። መንገድ ሙሉ የገረመውን ቃል በአፌ እየደጋገምኩ ነበር የሄድኩት። እግዜር ሲያግዘኝ ከሰፈራቸው በታች ምንጩ ዘንድ አገኘኋት።

«ንጋቱ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አባትሽን ከማስጠየቄ በፊት አንቺን ልጠይቅ...» አልኩና ቃሉ ጠፋኝ። «እወድሻለሁ፤ በቃ» አልኳት።

እንስራዋን መሬት አስቀመጠች። «ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«እኔ እኮ ቃሌን ሰጠሁ፤ ቀኑም ተቆረጠ። አባቴ አላስገደደኝም፤ 'የምታስቢው ሰው አለ ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? አጠገቤ ቆሞ 'ደህና ነው' የሚል ሰው አለ ልበለው?»

«ገረመውም ዝም ስላለ እኮ...»

«እኔስ ውብዓለም ዝም ስላለች አይደል! ሽማግሌህ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ ደጅ ደጁን ሳይ ጾሙ አለቀ!»

ከዚያ ሳቀች። የሚያስቅ ነገር ስላገኘች አልነበረም።

«ውሃው ያቃጥልህ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«ያቃጥለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ይጮህ ይሆናል ብዬ ነበር የማበዛው።»

እንስራውን አሸከምኳት። ዳገቱን ወጣች፤ ጉሙ ዋጣት። ቃሏን አፍርሺ አላልኳትም፤ ብላትም አታፈርስም ነበር። በደህና አግብታ በደህና እንደኖረች ሰምቻለሁ። እኔም ከጊዜ በኋላ አስካለን አግኝቻለሁና እግዜርን አላማርርም። አስተማሪውን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም። እትዬ ዘነቡንም ቢሆን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትንሽ እቀየማቸዋለሁ።

ይኼን ሁሉ ለቤዛ ነገርኳት። «መሳሙን አውጪው» አልኳት። «እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ፤ መሳም ይነበብልኝ አላልኩም። በቅሎውንም መኪና አድርጊው። ንግግሩን ግን ምን በደለሽ? ጨዋነት አፍ መለጎም ነው ያለሽ ማነው? አንዱ ሞኝ ያንቺን አንብቦ አንገቱን ደፍቶ ቢቀመጥስ?»

«እሺ አባባ፣ አይቆጡ፤ እመልሰዋለሁ። ግን አዲስ አበባ ወንዝ ዳር አፍንጫ ሳይያዝ አይቆምም። አሳንሰር ውስጥ ባደርገውስ?»

«አሳንሰር ውስጥም ይሁን ጉድጓድ ውስጥ፣ ይናገር!»

ይኼኔ አስካለ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ከጓዳ ብቅ አለች። «ለመሆኑ እኔን መቼ ተናገርከኝ?» አለች። «አጎትህን ላክህ፣ አባቴ እሺ አለ፣ እኔ ጓዜን ይዤ መጣሁ። ይኸው ኖርን አይደል?»

ቤዛ ስልኳን አፏ ላይ ከድና ትስቃለች። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ነገሬ ተረታሁ። ንዴቴ ብሶ ተነሳሁ።

«እንግዲያው ስሚ!» አልኩ። «ሽማግሌ ሳልልክ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር፤ አሁን ልጠይቅሽ። ያኔ አንቺን ራስሽን ብጠይቅሽ ኖሮ፣ እሺ ትይኝ ነበር?»

አስካለ ቤዛን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ምን ነካህ ሰውዬ፤ ጾም እኮ ነው!» ብላኝ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ድስት ከደነች፣ ማማሰያ አስቀመጠች። ከዚያ ለእኛ ሳይሆን ለድስቱ እንደምትናገር ሁሉ ቀስ ብላ «እሺ እል ነበር» አለች።

ይኼን የምትጽፍልኝ ቤዛ ናት። ሌላውን እንደፈለገች ታድርገው፤ ይቺን ቃል እንዳታወጣ ግን አስምያታለሁ።