ለሙሽራዪቱ የተመረጠችው እባብ

ኩምናት መርጦ የሰጠው እባብ ካለበት ድንኳን ውስጥ ሰው እፎይ ብሎ ይተኛል ይባል ነበር። በዚያ ዘመን በሕንድ አገር፣ በማርዋር አሸዋማ ሜዳ ላይ አህያና ውሻቸውን እየነዱ ከመንደር መንደር የሚዞሩት እባብ አጫዋቾች፣ ጆጊዎች፣ ኑሯቸው ከእባብ ጋር ነበር። መርዛም ጥርሱን እየነቀሉ ለሰው የሚያሳዩ ሌሎች ነበሩ፤ የኩምናት ወገኖች ግን ይህን እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር። ስለዚህ ለእነሱ ነገሩ ሁሉ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ሕፃን በሚድህበት ድንኳን የሚያድር እባብ ጠባዩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ኮብራ ይዘው ሲመጡለት ኩምናት ቸኩሎ አይነካውም። በዘንጉ ጥላ ይጥልበታል። ጥላውን አንድ ጊዜ ቢነድፍ ይምረዋል፤ ሁለተኛ ከነደፈ ግን፣ «ይሄ ቂመኛ ነው፤ ወደ ጎሬው መልሱት» ይላል። ከአንገቱ አዘረጋግ፣ ከጅራቱ ርዝመት፣ ከሁሉ በላይ ከዓይኑ ጠባዩን ያነብባል። «አማች ብትመርጥልን ይሻል ነበር» እያሉ የሚቀልዱበት እናቶች ነበሩ።

የገዛ ዓይኑን ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉም ሸፍኖት ነበር። ይህን ለማንም አልነገረም። ሚስቱ ሳምዳ ብቻ፣ ውሃ ሲቀዳ ከማሰሮው ውጪ ሲያፈስ፣ ሰው ድምፁን ሳያሰማ ሲመጣበት ሲደናገር፣ አየችና ዝም አለች። ዝም ማለቷን እሱም ያውቅ ነበር፤ በዚህም ይበልጥ ይሸማቀቅ ነበር።

የመጨረሻ ልጃቸው ራጅኪ የምትዳርበት ቀን ደረሰ። በጆጊዎች ዘንድ የሙሽራዪቱ አባት ለሙሽራው እባብ ይሰጣል። እባቡ ጥሩ ከሆነ ልጅቱ በባሏ ቤት ቀና ብላ ትኖራለች፤ ክፉ ከሆነ ስሟ እስክትሞት ድረስ «ያቺ የነዳፊው ልጅ» ነው።

ኩምናትና ሳምዳ አንድ ረፋድ ላይ እባብ ወደማይጠፋበት አሮጌ ኩይሳ ሄዱ። የበጋው ሙቀት ገና መጀመሩ ነበር። ኩምናት በኩይሳው ሥር ቆፍሮ ጅራት ሲነካ እጁ እንደ ድሮው ፈጠነ፤ እባቡን አንጠልጥሎ አወጣው። ጥላ ጣለበት። አልነደፈም። ከባድና ዝግ ያለ፣ ጨዋ የሆነ ኮብራ ነበር።

«እስቲ ልየው» አለች ሳምዳ እጇን ዘርግታ።

ዛፍ ከሚያብብበት ወር በኋላ፣ እባቦች እንቁላል በሚይዙበት ወቅት፣ የተያዘች ሴት እባብ ሁሉ፣ አንዲት ሴት ሆዷን በጣቷ ሳትዳስስ ወደ ሰፈር አትገባም። እንቁላል የያዘች እናትን ከቤቷ ማውጣት በጆጊ ዘንድ ከባድ ኃጢአት ነው። ወንድ ከሆነ ግን መዳሰስ አያስፈልግም፤ ወንዱ በጅራቱ ርዝመት ይለያል።

«ወንድ ነው» አለ ኩምናት።

«ጅራቱን አየኸው?»

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ? ሠላሳ ዓመት እባብ የመረጥኩ ሰው ዛሬ በጣትሽ ልመዘን?»

«ሠላሳውንም ዓመት እኮ በጣቴ ነው የተመዘንከው» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ጅራቱ ለእሱ ከአሸዋው ጋር የተቀላቀለ ጭረት ነበር። ዓይኑ አለማየቱን ከማመን ይልቅ እባቡን ቅርጫት ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ገጠመ፤ በቀይ ጨርቅም አሰረው። የሠርግ ቅርጫት አንዴ ከታሰረ በሙሽራው ሰዎች ፊት ካልሆነ አይፈታም።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በግራር ጥላ ተቀመጡ። የሙሽራው አባት ቡራናት ጨርቁን ፈታ፤ የቅል ዋሽንቱን አንስቶ ነፋ። ከቅርጫቱ የተነሣ የለም።

«አማቼ፣ ልጅህ ሳትደክም እባብህ ሠርግ ደከመው እንዴ?» አለ ቡራናት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ደግሞ ነፋ። ከውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ እንጂ አንገት ብቅ አላለም። ቡራናት ዋሽንቱን አስቀምጦ በዘንግ ጥቅልሉን ቀስ ብሎ ከፍ አደረገው። ከሥሩ ነጫጭ እንቁላሎች ተደርድረዋል።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ኩምናት ምን እንደታየ አላየም፤ ከዝምታው ግን ተረዳ።

«እናት ነች» አለች የሙሽራው አክስት፣ ካትኪ የምትባል በአፏ የማትታማ አሮጊት። «ማነው ይህችን የዳሰሰ?»

ዓይን ሁሉ ወደ ሳምዳ ዞረ። እንዲህ ያለው ጥፋት የሴት እጅ ጥፋት ነውና።

ሳምዳ መጎናጸፊያዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። «እኔ ነኝ» አለች። «ጣቴ ሳተ።»

ከዚህ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ኩምናትን ያሳፈረው «ወንድ ነው» ማለቱ ሳይሆን ይህች አፍታ ነበረች፤ ሚስቱ ስለ እሱ ስትዋሽ ሰምቶ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ልቡ እፎይ ማለቱ።

ካትኪ አልተወችም። «እንግዲህ ልጅቱ ከማን ተማረች? ከእናቷ አይደል? የእናቷ እጅ እንዲህ ከሆነ፣ ራጅኪ የቤታችንን እባብ አትነካም። ውሃ ትቅዳ፣ አህያ ትጠብቅ።»

ከሙሽሪት በኩል የእግር አልቦ ድምፅ ተሰማ፤ ራጅኪ ወንበሯ ላይ እንደተነቃነቀች አባቷ አወቀ። ልጅቱ እባብ መዳሰስ የጀመረችው በስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

«ሳምዳ አልዳሰሰችም» አለ ኩምናት።

«ተው» አለች ሳምዳ በዝግታ።

«ልዳስስ ብላኝ ነበር፤ እኔ ከለከልኳት። ወንድ ነው አልኩ። ጅራቱን አላየሁም። ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አሁን ከፊቴ ማን እንዳለም አላይም።»

እባብ ያስመረጡት ሁሉ ያለፉትን ሁለት ዓመታት በልባቸው ሲመረምሩ የሰማ መሰለው።

በመጨረሻ ቡራናት ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቲቱ ዛሬውኑ ወደ ቤቷ ትመለስ። የወሰዳት ሰው በእግሩ ይመልሳታል፤ እስኪመልሳትም እህል አይቀምስም። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሠርጉ ግን ሠርግ ነው።»

«የልጅቱስ እጅ?» አለች ካትኪ።

«የልጅቱ እጅ ምን አደረገ? አባትየው ራሱ ተናገረ እኮ። ከፈለግሽ ነገ የኛን እባብ ስጫትና እይ።»

ኩምናት ቅርጫቱን እንቁላሎቹ እንዳይገለባበጡ በሁለት እጁ አቅፎ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ አላወቀም። ሰዉ ሁሉ ያያል፤ እሱም እያዩት መሆኑን ያውቃል። ሳምዳ ተነሥታ ከፊቱ ቆመች፤ የመጎናጸፊያዋንም ጫፍ በጣቶቹ መካከል አስያዘችው። በሠርግ ቀን፣ በአማቾቹ ፊት፣ እንደ ሕፃን በጨርቅ ጫፍ እየተመራ ከግራሩ ጥላ ወጣ።

ከሰፈሩ ጥቂት እንደራቁ፣ «ራጅኪ ታየን ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ታየን ነበር።»

«ፊቷ ምን ይመስላል? አፍራብኛለች?»

ሳምዳ ጥቂት ተራመደች። «እሱን ስትመለስ ራሷን ጠይቃት» አለች። «አሁን ፊትህ ድንጋይ አለ፤ እግርህን አንሣ።»