ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስተኛው ሙከራ

ወይዘሮ የትነበርሽ በጎንደር አራዳ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጣ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ስልክ ትነካለች። በእጇ አይደለም። ሥራዋ የስልክ አፕ የሚፈትን ፕሮግራም መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ እንደ ሰው ሆኖ አፑን ይከፍታል፣ ስም ይሞላል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ መምጣት ያለበት ገጽ መምጣቱን ያያል። ከመጣ አረንጓዴ፣ ካልመጣ ቀይ ምልክት ያደርጋል። ሰው ሁለት ቀን የሚፈጅበትን በዐሥራ ሰባት ደቂቃ ይጨርሳል። ምሳ አይወጣም።

ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው። ከዚህ በፊት ለዐሥራ አራት ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ማመልከቻ ትጽፍ ነበር፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒዩተር። ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ባዋሳት መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች ተቀደው ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ እንዴት እንደሚጻፍ ዐወቀች። ለዚህም እግዚአብሔርን ታመሰግናለች። አርባው ገጽ ቢኖር ኖሮ ገና ከመግቢያው ፈርቼ እተወው ነበር ትላለች።

በቢሮው ሦስት ናቸው። አለቃው ጌትነት ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው። አፑን የምትሠራው ሄለን ነች። የትነበርሽ ትፈትናለች። ዘንድሮ ለአንድ የደምቢያ ገበሬዎች ማኅበር የማዳበሪያ መጠየቂያ አፕ ሠሩ። ገበሬው ቆላ ድባ ወደሚገኘው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄዶ በዚያ ባለ ስልክ ይመዘገባል። ዝርዝሩ በግንቦት የመጨረሻ ዓርብ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያን ጊዜ ስሙ ያልተገኘ ሰው የዓመቱን ማዳበሪያ አያገኝም።

የትነበርሽ ለዚህ አፕ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሙከራ ጽፋለች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ቢሮ ትገባለች፣ ሙከራዎቹን ታስነሣለች፣ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል፣ "ተመስገን" ብላ ትቀመጣለች። ጌትነት አረንጓዴውን ገጽ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ዝርዝሩ በሚዘጋበት ዓርብ ጠዋት የማኅበሩ ሹሞች ሥራውን ሊያዩ ስለሚመጡ ለእነሱ ብሎ ነው።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ የማኅበሩ ጸሐፊ እማዋይሽ ከቆላ ድባ ደወለች።

"ስልሳ ሦስት ሰው መዝግቤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ሃያ ሁለት ነው። አርባ አንዱ ሰው የት ገባ?"

"ኔትወርክ ነው" አለ ጌትነት። ኔትወርኩን አዩት፤ ደኅና ነበር። "እንግዲያ ገበሬው ቁልፉን አልነካውም። ቴስቱ እኮ አረንጓዴ ነው።"

"ቴስቱ አርሶ አያውቅም" አለች የትነበርሽ። "ሄጄ ልያቸው።"

ረቡዕ ማለዳ በአዘዞ በኩል በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራ ቆላ ድባ ወረደች። ስማቸው የጠፋባቸው ሰዎች በጽሕፈት ቤቱ በር ተሰልፈው ነበር። ከፊት አያ አዘዘ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"አንቺ ነሽ ስማችንን የበላሽው?"

"እኔ ፈታኟ ነኝ፣ አያ አዘዘ።"

"ታዲያ የወደቅነው እኛ ነን?"

ሰልፉ ሳቀ። የትነበርሽም ሳቀችና "እስቲ እንዳለፈው ያድርጉና ልይ" አለቻቸው።

እማዋይሽ ስማቸውን፣ የመሬታቸውን ስፋትና የሚፈልጉትን ማዳበሪያ ሞላች። የመጨረሻውን ቁልፍ ባለጉዳዩ ራሱ እንዲነካ ደንብ ስለ ሆነ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። አያ አዘዘ ማንበብ ያውቃሉ፤ ሲፈርሙ ግን አባታቸው ሲያደርጉ እንዳዩት ነው። የግራ አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ቁልፉ ላይ አስቀመጡት፣ ጠበቅ አድርገው ተጫኑት፣ ቀለሙ ወረቀቱን እስኪይዝ እንደሚጠብቅ ሰው ትንፋሻቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ በቀስታ አነሡት። ገጹ "እንኳን ደኅና መጡ" አለ።

"ባለፈውም እንዲሁ ብሎኛል" አሉ። "ጨዋ ነው።"

እማዋይሽ ለሚቀጥለው ሰው የተዘጋጀ መስሏት ስልኩን ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

"ቆይ" አለች የትነበርሽ። "አያ አዘዘ፣ ምነው እንዲህ አጥብቀው ያዙት?"

"ምነው ትለኛለች! ቁልፉ 'በፊርማዬ አረጋግጣለሁ' ይላል። ፈረምኩ።"

የትነበርሽ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ቃሉ የራሷ ነበር። ሄለን ቁልፉ ላይ ምን እንጻፍ ብላ ስትጠይቃት ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ የዘጋችበትን ዓረፍተ ነገር ሰጠቻት። በእነዚያ ዓመታት የስንቱን ሰው አውራ ጣት በገዛ እጇ ይዛ ቀለም አስነክታ ወረቀት ላይ ተጭናለች።

ይህም ቀላሉ ጥፋቷ ነበር። ቁልፉን ከሁለት ሰከንድ በላይ የተጫነ ሰው የሞላው ሁሉ ተጠርጎ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሳል። ይህን ድብቅ መጥረጊያ ያስጨመረችው እሷ ናት። እያንዳንዱ ሙከራ ከባዶ ገጽ እንዲጀምር ፈልጋ ነው። ያኔ ሄለን ብትጠራጠር "ሁለት ሰከንድ ሙሉ ቁልፍ የሚጫን ማነው?" ብላታለች።

ወደ ግቢው ወጥታ ደወለች።

"ጌትነት፣ አገኘሁት። እኔ ነኝ።"

"አንቱ መሆንዎንማ ዐውቄያለሁ።"

"ጥፋተኛዋን ማለቴ ነው። ሄለን ድብቁን መጥረጊያ ዛሬውኑ ታውጣው።"

"እሱ ከወጣ ስንት ቴስት ይወድቃል?"

"ሁሉም። ሁሉም የሚጀምሩት በእሱ ነው።"

"እትዬ፣ ዓርብ ሹሞቹ ይመጣሉ እኮ! እባክዎ እዚያው ይንገሯቸው፤ ነካ አድርገው ይልቀቁ። ከዓርብ በኋላ እናወጣዋለን።"

ሞከረች። ሰልፉ ፊት ቆማ እንዴት ነካ ተደርጎ እንደሚለቀቅ በጣቷ አሳየች። አያ አዘዘ እጇን ትኩር ብለው አዩት።

"ይህማ ፊርማ አይደለም። ዝንብ አርፋ የተነሣችበት ነው።"

"እኔ በዝንብ አልፈርምም" አለች ከኋላቸው ሽታዬ የምትባል ሴት። "ነገ አልፈረምሽም ቢሉኝ ማን ይመሰክርልኛል?"

ሌሎቹም እንደ እሷ አሉ። በፊርማ ጉዳይ መሬቱን ላጣ ሰው ስንት አቤቱታ እንደ ጻፈች የትነበርሽ ራሷ ታውቃለች። ደግማ ደወለች።

"ሰዎቹ አይቀየሩም። አፑ ይቀየር። ቀዩን ለሹሞቹ እኔ አስረዳለሁ።"

"መቼም እኔን የሚሰማኝ የለም" አለ ጌትነት። "ሄለን ቅድም ስናወራ ሰምታ ሳትጠይቀኝ ጀምራለች።"

የትነበርሽ ላፕቶፗን ከፈተችና የጽሕፈት ቤቱን ስልክ በገመድ አገናኘች። ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስተኛውን ሙከራ ጻፈች፤ ቁልፉን ስድስት ሰከንድ ተጭኖ ይዞ የሚለቅ ነው። በአሮጌው አፕ ላይ አስነሣችው። ቀይ ሆነ።

"ተመስገን" አለች።

"ቀይ አይደለም እንዴ?" አለች እማዋይሽ።

"ነው። አርባ አንዱን ሰው ያየ የመጀመሪያው ግን እሱ ነው።"

ዐሥር ሰዓት ላይ የተስተካከለው አፕ ደረሰ። አውራ ጣት የፈለገውን ያህል ቢቆይ ምዝገባው የሚጸናው ጣቱ ሲነሣ ሆነ። ሙከራውን ደገመችው፤ አረንጓዴ። አያ አዘዘ ቀድመው ፈረሙ። ገጹ "ተመዝግበዋል" አለ። ዝርዝሩን ከፍታ ስማቸውን አሳየቻቸው። በዱላቸው ጫፍ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና "ሸጋ" ብለው ወጡ። የቀሩትን እማዋይሽ እንዲሁ እያደረገች ልትመዘግብ ተስማምተው የትነበርሽ ወደ ጎንደር ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት ሹሞቹ መጡ። ጌትነት ግድግዳ ላይ የነበረውን ወረቀት አንሥቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ቀይና አንድ አረንጓዴ ተደርድሯል። የማኅበሩ ሊቀመንበር መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይህ ሁሉ ቀይ ምንድን ነው?"

"የአራት ወር ሥራዬ ነው" አለች የትነበርሽ። መጥረጊያውንም፣ የቁልፉንም ቃል፣ የማን ጥፋት እንደ ሆነም በተራ ነገረቻቸው።

ሊቀመንበሩ ሰምተው ሲጨርሱ "አሁን ዝርዝሩ ላይ ስንት ሰው አለ?" አሉ።

"ስልሳ ሁለት።"

"ስልሳ ሦስት ሲሆን ደውሉልኝ" ብለው ተነሡ።

የቀረችው ሽታዬ ነበረች። ረቡዕ ተራዋ ሳይደርስ ዘመድ ሞቶባት እንፍራንዝ ለቅሶ ሄዳለች። ከሰዓት በኋላ የትነበርሽ የመጀመሪያውን ቀይ ሙከራ ከፍታ ስታስተካክል ዋለች፤ ዐይኗ ግን ዝርዝሩ ላይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት፣ ስልሳ ሁለት። ዐሥር ሰዓት፣ ስልሳ ሁለት። ዐሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ቆላ ድባ ደወለች።

"መጣች" አለች እማዋይሽ በሹክሹክታ። "አሁን ገና ከማኪና መውረዷ ነው። ሞልቼላታለሁ፤ እየፈረመች ነው።"

"ታዲያ ምነው እዚህ አይታይም?"

"ጣቷን ገና አላነሣችም።"

"ስንት ሰከንድ ሆናት?"

"እኔ ምኑን ቆጠርኩት! ዐይኗን ጨፍና ተጭናዋለች። ልንገራት እንዴ?"

ጌትነት ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰዓቱን አየ። ሄለን ደግሞ ጌትነትን አየችው።

"ተያት" አለች የትነበርሽ። "ትፈርም።"

ዐሥራ አንድ ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ዝርዝሩ ስልሳ ሦስት ሆነ።