የሼቤስታ ባለ ፈቃድ ግስላ

አዋጅ! ከሞራቫ ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ የምትኖር ሕዝብ ሆይ፣ የቢራ ብርጭቆህን አስቀምጥና ስማ! የቮርሎቪትሴ መንደር የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የሰማያዊ ጥንቸሎች ንጉሠ ነገሥት፣ የካሮትና የድርቆሽ ጌታ፣ ክቡር ሉድቪክ ሼቤስታ በዛሬው ዕለት በጎረቤታቸው ቀንተዋል! ይህን ሰምቶ ያልደነገጠ ቢኖር ከመንደሩ ይውጣ!

እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ አዋጅ ያስነገረ የለም። ቢነገር ኖሮ ግን ሉድቪክን ቅር የሚያሰኘው ቀና መባሉ ሳይሆን የከበሮው ማነስ ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ደረቱ ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በባቡር ጣቢያ ባንዲራ ሲያነሳ ነው የኖረው። ባቡሩ የሚያልፈው እሱ ስለፈቀደለት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያምናል።

በቮርሎቪትሴ እሑድ ከምሳ በኋላ ቤት መቀመጥ ነውር ነው። ዳክዬው ጥብስና የተቀቀለው የሊጥ ድቡልቡል ከጎመኑ ጋር ወደ ሆድ ከወረደ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ልጁንም አማቱንም አስከትሎ በእግሩ ይንሸራሸራል። የሚወጣውም ዛፍ ለማየት አይደለም፤ የሰው አጥር ለማየት ነው። የማን ቲማቲም ቀላ፣ የማን ጣሪያ አፈሰሰ፣ የማን አማች መኪና ለወጠ። ለብዙ ዓመታት የዚህ ሰልፍ ማብቂያ የሉድቪክ አጥር ነበር። ንጹሕ ሽርጡን ታጥቆ ይጠብቃቸዋል። ፀጉራቸው ወደ ሰማያዊ ከሚያደላ ጥንቸሎቹ ትልቋን በማጅራቷ ያነሳና ሆዷን በክንዱ ደግፎ፣

«ገምቱ!» ይላል።

ይገምታሉ። ክብደቷን ሁልጊዜ ያሳንሱታል፤ ማሳነስ ጨዋነት ነው። እሱ እውነተኛውን ሲነግራቸው «ኦሆሆ!» ይላሉ። መንግሥት ጡረታ ይከፍለዋል፤ የሚኖረው ግን በዚያች «ኦሆሆ» ነው።

በአንድ የፀደይ እሑድ ታዲያ ሽርጡን ታጥቆ፣ ጥንቸሏን አንስቶ፣ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሰው ጠፋ። ክንዱ ዛለ። ጥንቸሏም ሰለቻትና ሽርጡ ላይ ሸናችበት። ሚስቱ ቭላስታ በመስኮት ብቅ አለች።

«ሉዳ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው? ሰዉ እኮ ዳገቱ ላይ ወጥቷል።»

«ዳገቱ ላይ ምን አለ?»

«ዳሊቦር ፑማ አምጥቷል። ያ የአሜሪካ ተራራ አንበሳ የሚሉትን። ደግሞ አልሰማሁም በል፤ ቦሁሽ ቢራ ቤት ሌላ ወሬ የለም።»

መስማቱንስ ሰምቷል። ማመን ነው ያቃተው።

ዳሊቦር ኮፕሺቫ ማነው? የፍሪጅ ጠጋኝ ነው። በትርፍ ጊዜውስ? ያው ፍሪጅ ይጠግናል። ሲሰድቡት የሚስቅ ዓይነት ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ለምቀኛ አይመችም። ቤቱ ከሉድቪክ ጓሮ በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። የእግር መንገዱ ከቤቱ በላይ ስለሚያልፍ፣ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ጓሮው እንደ ሳህን ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ሳህን ላይ ፑማዋ ተጋድማ ታዛጋለች። በቃ፣ ሌላ ሥራ የላትም። ሕዝቡም ባዛጋች ቁጥር «ኦሆሆ!» ይላል። ነፋሱ ደግሞ ያንን ድምፅ ተሸክሞ ቀጥታ ሉድቪክ ጓሮ ያራግፈዋል።

«የእኔን እኮ ነው!» አለ ሉድቪክ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የእኔን ኦሆሆ ነው የሰረቀኝ!»

በዚያ አገር ቅናት መጀመሪያ የምትሄደው ፖስታ ቤት ነው። ሉድቪክም ስሙን ትቶ «አንድ የተጨነቀ ዜጋ» ብሎ ለክልሉ የእንስሳት ሕክምና ቢሮ ጻፈ። አውሬው ሕዝብ ሊፈጅ ነው፣ ባለቤቱ ፍሪጅ እንጂ ፑማ አያውቅም፣ መንግሥት የት ነው ያለው። መንግሥት መጣ። ዶክተር ፔሽኮቫ የምትባል፣ ሜትር የማይለያት ቀጭን ሴት ናት። የሽቦውን ውፍረት ለካች፣ ጣሪያውን ነቀነቀች፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈተውን ድርብ በር ከፍታ ዘጋች፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት አየች። ፍሪጅ የሚበይድ እጅ የበየደው ነገር እንከን አይወጣለትም። ስትመለስ ቦሁሽ ቢራ ቤት ሾርባ ልትበላ ገብታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንደ አቶ ኮፕሺቫ ደንቡን አሟልቶ የሠራ ሰው አላየሁም» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ከጎረቤት መንደር ሳይቀር ሰው መጣ። ሌላው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል፤ ዳሊቦር ግን ሳይጸልይ ተሰጠው።

በዚያው ሰሞን ሉድቪክ ቢራ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ካለችው የዘወትር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ባለቤቱ ቦሁሽ ብርጭቆ እያበሰ፣

«ሉድቪክ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በልለት። ዳሊቦር ስለ ፑማዋ ጥርስ እየነገረን ነው» አለው።

ጠጋ አለ። እስከ በሩ ጥግ ድረስ ጠጋ አለ። ቤቱ ሲደርስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ቭላስታ፣ ነብር እናሳድጋለን!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ አንተን አሳድጌ ልጨርስ።»

ነብር አፈላልጎ ያገኘው ግስላ ነው። ከብርኖ ከተማ ማዶ አንድ አውሬ አሳዳጊ ጉልበቱ ስለከዳው፣ ጥቁር ግስላውን የሚረከበው ሰው ይፈልግ ነበር። ጥቁር! ከፑማ የምትጠቁር፣ ከፑማ የምታስፈራ! ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ግስላ ቢያሳድግ አውሬዋን ይወስዷታል፤ በላዩም ይቀጡታል። ስለዚህ ዶክተር ፔሽኮቫ አሁን ደግሞ ሉድቪክ ወጥ ቤት ተቀመጠች።

«ሕጉ አይከለክልዎትም፣ አቶ ሼቤስታ። ይጠይቅዎታል እንጂ። ሲሚንቶ ወለል፣ የሽቦ ጣሪያ፣ ድርብ በር፣ የምትደበቅበት ሣጥን፣ ኢንሹራንስ። ቦታው ግን የታለ?»

«የጥንቸሎቹ ቤት ይፈርሳል።»

ቭላስታ ከምድጃው ዘወር ብላ አየችው።

«እርስዎ ቢታመሙ የሚተካዎት፣ ትልልቅ ድመቶችን የሚያውቅ ሰውም ያስፈልጋል። በዚህ ወረዳ ደግሞ ከአቶ ኮፕሺቫ ሌላ ማን አለ?»

ሉድቪክ ወንበሩን ዳገቱ ከሚታይበት መስኮት አዞረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ዶክተሯ። «እንስሳዋ ምግብ እምቢ ብላ ጥግ ይዛ ብትተኛ፣ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

ይህ ጥያቄ ጥንቸል አርቢ በእንቅልፉ ቢጠየቅ የሚመልሰው ነው። አባቱም አያቱም ሲመልሱት ኖረዋል። አፉ ከአእምሮው ቀደመ።

«ከጆሮዋ ኋላ አንድ ጊዜ በዱላ። ከዚያ በነጭ ሽንኩርት ጠበስ አድርጎ፣ ከቆስጣና ከሊጥ ድቡልቡል ጋር።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ግስላዋን?»

«ማለቴ... ሐኪም እጠራለሁ!»

«ለምሳ?»

«እውነቱን ነው፣ ዶክተር» አለች ቭላስታ ሳቋ እያፈናት። «እዚህ ቤት ታሞ የዳነ የለም። እኔ ራሴ ጉንፋን ሲይዘኝ ደብቄ ነው የማሳልፈው።»

ዶክተሯ ፈቃዱን አልከለከለችም፤ ከዚያ የከፋ ነገር አደረገች። ልምድ ካለው ጠባቂ ዘንድ ሠርተው ያሳዩኝ አለችው። ልምድ ያለው ጠባቂ ማን እንደሆነ መቼም ታውቃለህ።

ሉድቪክ ወደ ዳገቱ ሲወጣ በልቡ የሚለምነው አንድ ነገር ነበር፦ ዳሊቦር እምቢ እንዲለው። እምቢ ቢለው ዕድሜ ልኩን የሚጠላበት ምክንያት ያገኛል። ዳሊቦር ግን፣ «ጎረቤት! ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ?» ብሎ የፕለም አረቄ ቀዳለት፤ በተተኪ ጠባቂነትም እዚያው ፈረመለት። አረቄው ደግሞ ግሩም ነበር፣ ይባስ ብሎ።

እንግዲህ በጋውን ሙሉ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ መንደሩ ከእግር መንገዱ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ፣ የጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የፑማ ኩስ በአካፋ ይዝቅ ነበር።

«ሉድቪክ!» ይሉታል ከላይ፣ አካፋውን ባነሳ ቁጥር። «እንገምት?»

«ተወው፣ እኔ እጠርገዋለሁ፣ ጎረቤት» ይላል ዳሊቦር።

«አይሆንም! ደንብ ነው!» ይላል ሉድቪክ፣ ጥርሱን ነክሶ።

መከር ሲቃረብ የጥንቸሎቹን ቤት አፈረሰ። ጥንቸሎቹን በሣጥን በሣጥን አድርጎ በጋሪ እየገፋ ለዳሊቦር አደረሰለት።

«ለፑማህ ቀለብ ይሁኑ።»

ዳሊቦር አንዱን ሣጥን ከፍቶ አየ። «እነዚህን? እነዚህ እኮ የአንተ ሰማያዊዎቹ ናቸው።»

«ሥጋ ሥጋ ነው» አለ ሉድቪክ። ፊቱን አዙሮ ነው ያለው። ጋሪውን እየገፋ ሲመለስ ግን ዐይኑን ሁለት ጊዜ በእጅጌው ጠርጓል፤ ለጠየቀው አቧራ ነው።

የሽቦው ቤት አለቀ። ዶክተር ፔሽኮቫ ለካች፣ ነቀነቀች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ ቀና ብላ መንገዱን አየች።

«ይኼ ወገን መንገድ ዳር ነው። ሰው እጁን ያስገባል፣ ዱላ ይሰዳል። በዚህ በኩል ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ድፍን ግንብ ይሠሩበታል።»

«ግንብ? ታዲያ ሰው በምን ያያታል?»

«ማን እንዲያያት ነው? ይኼ በግል የማሳደግ ፈቃድ ነው፣ አቶ ሼቤስታ። ለሕዝብ ማሳየት ሌላ ፈቃድ ነው፤ እሱን ሚኒስቴሩን ይጠይቁ።»

«የዳሊቦርን ያዩ የለም እንዴ!»

«የእሳቸው ከመንገድ የራቀ ነው። ሰው ከዳገት ላይ ቁልቁል ቢያይ ዐይኑን አላስርም። የእርስዎ ቤት ሜዳ ላይ ነው፤ ምን ላድርግዎት?»

እዚህ ላይ ልብ ያለው ሰው «በቃ፣ ይቅርብኝ» ይላል። ሉድቪክ ግን ጥንቸሎቹን ሰጥቷል፣ ኩሱን ዝቋል፣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ግንቡን በገዛ እጁ ሠራ፤ ለሳምንታት ራሱን ከሰው ዐይን በጡብ ጋረደ።

ግስላዋ በሥራ ቀን፣ በዝናብ፣ በተሸፈነ መኪና መጣች። ያያት የለም። ከመኪናው ወርዳ ሣጥኗ ውስጥ ገባች፤ አሮጊት ናት፣ ጥርሷ አልቋል፣ ፀጥታ ትወዳለች። እሑድ ሲደርስ ሉድቪክ ሽርጡን ታጥቆ ግንቡ ፊት ቆመ።

«ሉድቪክ፣ ግስላህ የታለች?»

«ከግንቡ ጀርባ።»

«አሃ» አሉ።

«አሃ» ደግሞ «ኦሆሆ» አይደለም። በሁለቱ መካከል ሰው ያረጃል።

«አሳየና!»

«ፈቃዴ ይከለክላል።»

«እሺ፣ ፈቃድህን አሳየን!»

ሮጦ ገብቶ ወረቀቱን አመጣና በሁለት እጁ ከፍ አደረገው። የወረቀትን ክብደት ደግሞ ማንም አይገምትም፤ ወደ ዳገቱ ቀጠሉ። በዚያ ሳምንት ቦሁሽ ቢራ ቤት የወፈረች ጥቁር ድመት ናት ተባለ። አንዱ ደግሞ ድመትም የለም፣ ግንቡን የሠራው ከሚስቱ ለመደበቅ ነው አለ።

ከዚያ የመከሩ የጥንቸል ትርኢት ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያቀርበው ጥንቸል የለውም። ከዳኞቹ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ አንዲት ግዙፍ ሰማያዊ ጥንቸል ወደ ሚዛኑ ስትወጣ አየ። አወቃት። እናት ልጇን የምታውቀውን ያህል አወቃት። በማጅራቷ የያዛት ዳሊቦር ነው።

«አልጨከንኩባቸውም፣ ጎረቤት» አለ ዳሊቦር እያፈረ። «ፑማዋ እንደሆነ ዶሮም ይበቃታል።»

ዳኞቹ ጆሮዋን ለኩ፣ ፀጉሯን ነፉ፣ ተንሾካሾኩ። ዋንጫው የዳሊቦር ሆነ። በማኅበሩ ደንብ ዋንጫውን የሚያስረክበው ሊቀ መንበሩ ነው። ሉድቪክ ተነሣ፣ ዋንጫውን አነሳ፣ አስረከበ። ዳሊቦር መልሶ ዘረጋለት።

«የአንተ እኮ ናት። ና፣ አብረን እንያዛት!»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ለዳሊቦር ደግነት ነው ያጨበጨበው። ሰው በዋንጫ ሲበልጥህ ትታገሣለህ፤ በደግነት ሲበልጥህ ግን ወዴት ትገባለህ?

ሉድቪክ ከግንቡ ጀርባ ገባ። ሽቦው አጠገብ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ።

«አንቺ እንኳ አንድ ጊዜ ብታገሺ ምን አለበት?» አላት።

ግስላዋ አንድ ዐይኗን ገልጣ አየችው። መልሳ ከደነችው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የእግረኛው ኮቴ ሲሰማ፣ ከግንቡ ጀርባ ጉርምርምታ ይሰማል። ከባድ፣ የሚያስደነግጥ፣ መጨረሻው ላይ ግን ሳል ያለበት። ቭላስታ በመስኮት ብቅ ትልና፣ «ሉዳ፣ ጉሮሮህን ትጎዳለህ፤ ሻይህ ቀዘቀዘ» ትላለች። የሚያልፉትም ይሰሟታል።

አንባቢ ሆይ፣ ስትስቅ አየሁህ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ምናልባት መንገድህ በቮርሎቪትሴ ቢሆን፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ቦሁሽ ቢራ ቤት ጎራ በልና፣ ከበሩ ጥግ የተቀመጠውን አጭር ሰውዬ እንዳላየህ ሆነህ፣ «የሼቤስታን ግስላ በዐይኔ በብረቱ አየኋት» በል። ሐሰት እንዳይመስልህ፤ አለች፣ ፈቃድም አላት። ዳሊቦር እዚያ ካለ ደግሞ፣ አደራህን፣ ድምፅህን ትንሽ ከፍ አድርግና «ፑማዋንማ ታስከነዳታለች» ብለህ ጨምርበት። ማን ይለካሃል? ሜትር ያላት ዶክተሯ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ሾርባዋን በልታ ሄዳለች። ትልለታለህ? ወይስ አንተም ወደ ዳገቱ...